«ሲልቨር ላይኒንግስ ፕሌይቡክ»፦ ፍቅሩ የደረሰለት ለሕመሙ ነው ወይስ ለሐዘኑ?

የምሽት ተመልካች፦

እ.ኤ.አ. በ2012 ለዕይታ የበቃው የዴቪድ ኦ. ራስል ፊልም በተነሳ ቁጥር አንድ ክስ አብሮት ይነሳል። ፊልሙ ባይፖላር የተባለው የአእምሮ ሕመም ያለበትን ፓትን ከአንዲት ቆንጆ ሴት ጋር ዳንስ ያለማምደውና በመጨረሻው ትዕይንት የዳነ ሰው አድርጎ ያሳየናል፤ ይህም ለታማሚውም ሆነ ለቤተሰቡ ባዶ ተስፋ ነው ይባላል። እኔ በዚህ ክስ አልስማማም፤ ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ላቅርብና እናንተ ፈትሹት። መጨረሻውን ሳልደብቅ ስለምጽፍ ፊልሙን ያላየ ሰው አይቶት ቢመለስ ይመረጣል።

ፓት (ብራድሊ ኩፐር) ባልቲሞር በሚገኝ የአእምሮ ሕክምና ተቋም ስምንት ወር ቆይቶ ወደ ፊላደልፊያ፣ ወደ ወላጆቹ ቤት ይመለሳል። ለዚህ ያበቃው ሚስቱን ኒኪን ከሥራ ባልደረባዋ ጋር በገዛ ቤቱ መታጠቢያ ውስጥ አግኝቶ ሰውየውን ለሞት እስኪቃረብ መደብደቡ ነው። ወደ ኒኪ እንዳይቀርብ ፍርድ ቤት አግዶታል፤ ቤቱ ተሸጧል፤ የመምህርነት ሥራውም የለም። እርሱ ግን ክብደቱን ከቀነሰና እርስዋ ለተማሪዎችዋ የምታስተምራቸውን መጻሕፍት ካነበበ ትዳሩ ወደነበረበት የሚመለስ ይመስለዋል። ብዙ ተመልካች ይህን ግትርነት የሕመሙ ምልክት አድርጎ ብቻ ያየዋል። ለእኔ ግን ከሥሩ ያለው ሐዘን ነው፤ የሞተው ነገር ትዳሩ ሆኖ ሳለ ሟች አስከሬን ስለሌለው ልቅሶ ያልተቀመጠለት ሐዘን።

ቲፈኒ (ጄኒፈር ላውረንስ) በተቃራኒው የሞተው መሞቱን ከማንም በላይ ታውቃለች። ፖሊስ የነበረው ባሏ ቶሚ የሞተበትን ምሽት ለፓት የምትነግርበትን ትዕይንት እባካችሁ ደግማችሁ ተመልከቱት። በትዳራቸው መካከል ቅዝቃዜ ገብቶ ነበር፤ እርሱ ልጅ ይፈልጋል፣ እርስዋ ደግሞ ራስዋን መንከባከብ እንኳ ከብዷታል። አንድ ምሽት ከእራት በኋላ ቶሚ መኪናውን አስነስቶ ወጣ፤ ነገሩን ለማሞቅ ብሎ የውስጥ ልብስ ሊገዛላት። ሲመለስ ጎማው የተነፈሰበት ሰው ሊረዳ አውራ ጎዳና ላይ ቆመ፤ እዚያው መኪና ገጭቶ ገደለው። የገዛው ዕቃ ከነሣጥኑ የፊት ወንበር ላይ ነበር። ላውረንስ ይህን የምትናገረው ሳታለቅስ ነው፤ ድምፅዋም ከፍ አይልም። ያ ሣጥን ለእርስዋ ስጦታ ብቻ አይደለም፤ በገዛ እጅዋ የተጻፈባት የክስ ወረቀት ነው። ከዚያ በኋላ በመሥሪያ ቤትዋ ካሉ ሰዎች ሁሉ ጋር መተኛቷና ከሥራ መባረርዋ ከዚህ ጥፋተኝነት ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

እንግዲህ ሙግቴ ይህ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን የሚያክመው ከሕመሙ አይደለም። ቲፈኒ ፓትን ከባይፖላር አላዳነችውም፤ ያደረገችው ነገር ቢኖር ኒኪን ቀብሮ እንዲመለስ ማስቻል ነው።

ነገረ ሠሪ፦

በጥሩ ሁኔታ አቅርበውታል፤ ሆኖም አልተዋጠልኝም። ፊልም ሐሳቡን የሚናገረው በተዋናዮቹ አንደበት ብቻ ሳይሆን ለየትኛው ነገር ስንት ደቂቃ እንደሰጠ ጭምር ነው። ፓት መድኃኒቱን መዋጥ ሲጀምር የምናየው ለዓይን እንኳ በማይሞላ ቅጽበት ነው። ዳንሱ ግን ልምምዱ፣ ውድድሩ፣ አባትየው በነጥቡ ላይ የገባው ውርርድና ውጤቱ ተደምሮ የፊልሙን ሁለተኛ አጋማሽ ይዞታል። ከአዳራሹ የሚወጣው ሰው ማንን ያመሰግናል? ክኒኑን ወይስ ዳንሱን?

ሐኪሙንም እንመልከት። ዶክተር ፓቴል (አኑፓም ኬር) በመጀመሪያ ቀጠሮ ፓትን የሚያስፈነዳውን የሠርግ ዘፈን ሆን ብሎ በእንግዳ መቀበያው ያስከፍታል፤ ኋላም ፊቱን ፓት በሚደግፈው የፊላደልፊያ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ቀለም ተቀብቶ ስታዲየም ደጃፍ ከታካሚው ጋር ይገናኛል። ይህ ለሣቅ ተብሎ የገባ ነው ቢባል እንኳ የንግግር ሕክምና ምን እንደሚመስል የማያውቅ ተመልካች ምን ይዞ ይሄዳል? ፊልሙ ለስምንት የኦስካር ዘርፎች ታጭቶ፣ ከ1981 ዓመተ ምሕረቱ «ሬድስ» ፊልም ወዲህ በአራቱም የትወና ዘርፎች ዕጩ ያቀረበ የመጀመሪያው ሥራ ሆኖ፣ ላውረንስም በ22 ዓመትዋ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወስዳበት ሳለ ይህን ያህል ቸልተኛ መሆኑ ነው የሚያስቆጨኝ። (ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ተረኛ ነርስ፦

በአእምሮ ሕክምና ክፍል የምሠራ እንደመሆኔ ከሁለታችሁ የተለየ ነገር ላንሳ። ስለ ሐኪሙ ነገረ ሠሪ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ዘፈኑን ማስከፈቱን ያየ የሥራ ባልደረባዬ ሁሉ ራሱን ይይዛል። ነገር ግን ስለ መድኃኒት የተሠራው ትዕይንት ከብዙ ፊልሞች የተሻለ እውነት አለው።

የፓት ጓደኛ ሮኒ ቤት ያለውን እራት አስታውሱ። ገበታው ላይ የተቀመጡት ባለቤቶቹ ስለ ቤት እድሳት ሲያወሩ ፓትና ቲፈኒ ከወዳደቀው ጨዋታ መካከል ተነሥተው ስለ ክኒን ማውራት ይጀምራሉ። እርሱ ሊቲየም፣ ሴሮክዌልና አቢሊፋይ ይወስድ እንደነበር፣ አእምሮውን ስለሚያደበዝዙትና ስለሚያሳብጡት እንደተዋቸው ይናገራል። እርስዋም ዛናክስና ኢፌክሰር እንደተዋች ትመልሳለች። ከዚያ ክሎኖፒንና ትራዞዶን ይጠራሉ፤ ፊታቸውም ይፈካል። ሕሙማን ተራ ሲጠብቁ ልክ እንዲህ ያወራሉ። ሐኪም ፊት የማይወጣ ቅሬታ እዚያ ይወጣል።

ሰው መድኃኒቱን የሚተወው ብዙ ጊዜ በእልህ ወይም ባለማወቅ አይደለም። ሊቲየም ለማኒያ (ስሜት ከልክ በላይ ለሚግልበት የባይፖላር ገጽታ) እንደሚሠራ አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ግን በ1970 ነበር። ዛሬም ከዋነኞቹ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ይሁንና በሚጠቅመው መጠንና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለሆነ የደም ምርመራ ሳይቋረጥ ይደረግለታል፤ ኩላሊትና የታይሮይድ ዕጢም ይታያሉ። እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ውኃ ያስጠማል፣ ክብደት ይጨምራል። በዚህ ላይ ማኒያ ውስጥ ያለ ሰው ታምሜአለሁ ብሎ አያስብም፤ እንዲያውም ከመቼውም በላይ ጤነኛና ብሩህ የሆነ ይመስለዋል። ክኒኑን ተውኩት የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸሸው ሕመሙን ሳይሆን ራሱን አጣሁት የሚለውን ስሜት ነው።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር፤ ፓት ላብ እንዲያልበው የቆሻሻ መጣያ ፌስታል ለብሶ መሮጡን ሁሉም ይሥቅበታል። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ግን ይህን ባያደርግ ይሻላል፤ ሰውነት ውኃና ጨው ሲያንሰው ኩላሊት ሊቲየሙን ስለሚይዘው በደም ውስጥ ያለው መጠን ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ፊልሙ ፓት በኋላ የትኛውን ክኒን እንደዋጠ ስለማይነግረን ሩጫውን በእርሱ ላይ ጥፋት አድርጌ አልቆጥረውም።

ዝምተኛዋ፦

እስካሁን ስታነብ እንጂ ስትጽፍ ያላያችሁኝ አባል ነኝ። ባለቤቴ የሞተብኝ ስለሆንሁ ስለ ቲፈኒ ጥቂት ልናገር።

ለእራቱ ከመግባታቸው በፊት ፓት ስለ ቶሚ እንዳያነሳ ይነገረዋል። እርሱ ግን እንደተዋወቁ ወዲያው ቶሚ እንዴት እንደሞተ ይጠይቃታል። ሁሉም ይሸማቀቃል፤ ተመልካቹም ይሥቃል፤ ሕመሙ አንደበቱን እንደፈታው እንቆጥረዋለን። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ግን ያ ጥያቄ ነውር ላይሆን ይችላል። ሰው ሁሉ ሊያስከፋኝ ስላልፈለገ የባለቤቴን ስም መጥራት አቆመ፤ ስሙ ከቤቴ ሲጠፋ ሁለተኛ ጊዜ እንደሞተ ነበር የቆጠርሁት። ፓት ባለማወቅም ይሁን በሕመም ምክንያት ስሙን ጠራው። እኔ ቲፈኒ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንደወደደችው አምናለሁ፤ የምሽት ተመልካች ሐሳብ የሚያሳምነኝም በዚህ ነው።

በሌላ በኩል ቲፈኒን «የአእምሮ ሕመምተኛ» ብሎ ከፓት ጋር በአንድ መደብ ማስቀመጥ ይከብደኛል። ፊልሙ ለእርስዋ የሕመም ስም አልሰጠም፤ ይህም ተገቢ ነው። ሐዘን በራሱ ሕመም አይደለም።

ተረኛ ነርስ፦

እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ በጥሩ ሁኔታ ገልጸውታል።

በመጨረሻ ባነሡት ላይ ግን ሙያው ራሱ ብዙ ተከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ አምስተኛ እትም፣ ቀደም ሲል ዘመድ የሞተበትን ሰው ወዲያው በድባቴ እንዳይመረምሩት ያግድ የነበረውን አንቀጽ አነሣ፤ ብዙዎችም ሐዘንን ሕመም ልታደርጉት ነው ብለው ተቃወሙ። በ2022 የተሻሻለው እትም ደግሞ የተራዘመ ሐዘን የሚባል ምርመራ ጨመረ፤ ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 12 ወር ማለፉን ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ በበኩሉ 6 ወርን መነሻ ያደርጋል። ጊዜው ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ ናፍቆቱ ወይም የሟቹ ሐሳብ ዕለት ዕለት ሰውየውን ይዞ ኑሮውን ያሰናከለ መሆን አለበት። ቲፈኒ ከዚህ መስመር በየትኛው ወገን እንዳለች ከፊልሙ ተነሥቼ አልፈርድም። ራስዋን የምትቀጣበት መንገድ ቢያሳስበኝም ዳንሱን፣ ውድድሩንና ለወደፊት ያሰበችውን ነገር ሁሉ አጥብቃ መያዝዋ ሌላ ነገር ይነግረኛል።

የመሐል ቤት፦

እኔ የምጽፈው እንደ እህት ነው፤ ወንድሜ ባይፖላር አለበት። በዚህ ክር ስለ ሁለቱ ፍቅረኞች እንጂ ስለ ወላጆቹ አለመነሣቱ ገርሞኛል።

ከሌሊቱ ጋር የተያያዙትን ሁለት ትዕይንቶች አስቡ። በአንደኛው ፓት የሄሚንግዌይን «የጦር መሣሪያ ስንብት» አንብቦ ሲጨርስ በመጨረሻው ተናድዶ መጽሐፉን በመስኮት ይወረውርና እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ወላጆቹን ቀስቅሶ ይለፈልፍባቸዋል። ይህ ያሥቃል። በሁለተኛው የሠርጉን ቪዲዮ ፍለጋ ቤቱን ያተራምሳል፤ ዘፈኑ በጭንቅላቱ ውስጥ ይጮኻል፤ ሳያስበው እናቱን በክንዱ መትቶ ይጥላታል፤ አባቱ ይደበድበዋል፤ ጎረቤት መብራት ያበራል፤ ፖሊስ በር ያንኳኳል። ይህ አያሥቅም፤ ሆኖም ሁለቱ አንድ ሌሊት ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። እንቅልፍ ማጣት የማኒያ ምልክትም ቀስቃሽም እንደሆነ የሚያውቅ ቤተሰብ በመጀመሪያው ትዕይንት መሣቅ አይችልም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚጠብቅ። እናቱን ዶሎሬስን የተጫወተችው ጃኪ ዊቨር ጥቂት ቃላት ብቻ ይዛ ይህን ጥበቃ በፊትዋ ታሳያለች። ልጁ ምን እንደሚል ሳይሆን ድምፁ ምን ያህል እንደፈጠነ ነው የምታዳምጠው።

አባትየውም (ሮበርት ዴ ኒሮ) ቢሆን ጤነኛ ተብሎ የተቀመጠ አይደለም። የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያዎች አቅጣጫ እየለካ ያስቀምጣል፤ መሐረቡን ካልያዘ፣ ልጁም አጠገቡ ካልተቀመጠ ቡድኑ የሚሸነፍ ይመስለዋል፤ በጠብ ምክንያትም ወደ ስታዲየም እንዳይገባ ታግዷል። በዚያ ቤት ወረቀት ያለው ታማሚ አንድ ብቻ መሆኑ ነው ልዩነቱ። ዳይሬክተሩ ፊልሙን የሠራው የገዛ ልጁ ከስሜት መዋዠቅ ጋር ስለሚታገል እንደሆነ በይፋ ተናግሯል፤ ይህን ባላውቅ እንኳ የሳሎኑን ጫጫታ ከውጭ ሆኖ ያየ ሰው እንዳልጻፈው እገምት ነበር።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ታሪኩ የሚጀምረው በድብደባ ስለሆነ ባይፖላር ያለበት ሰው ሁሉ አደገኛ ነው የሚለውን ፍርሃት ያጠናክራል። የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጥቃት ከማድረስ ይልቅ ጥቃት የሚደርስባቸው መሆናቸው ይበዛል። ሚስቱን ከሌላ ሰው ጋር አግኝቶ እጁን የሚያነሣ ምንም ምርመራ የሌለው ሰውም እኮ ሞልቷል።

ነገረ ሠሪ፦

የመሐል ቤት የጻፉት ከፊልሙ ይበልጣል ብል አልተሳሳትሁም፤ ስለ ወላጆቹ ተስማምቻለሁ። እስካሁን ማንም ያልነካውን ግን ልንካው፤ ደብዳቤውን።

ፓት ወደ ኒኪ እንዳይቀርብ ስለታገደ፣ በዳንስ ውድድሩ አጋሯ ከሆነላት ቲፈኒ ደብዳቤውን ለኒኪ ልታደርስለት ተስማምታ ነበር፤ ከኒኪ የመጣ ብላ የሰጠችውን መልስ ግን የጻፈችው ራስዋ ናት። ከእውነታው ጋር ያለው ግንኙነት እንደሚላላ ለሚታወቅ፣ ሕይወቱን ሁሉ በአንዲት ሴት መልስ ላይ ለሰቀለ ሰው የሐሰት መልስ መስጠት ምን ይባላል? ዝቅ ሲል ደግሞ እናቱም አባቱም ከቲፈኒ ጋር ተማክረው ኒኪ ውድድሩ ላይ ትገኛለች ብለው ሊዋሹት ይስማማሉ። የምሽት ተመልካች ኒኪን ቀብሮ እንዲመለስ አስቻለችው ብለዋል። የሞተውን ሰው ድምፅ አስመስሎ ደብዳቤ መጻፍ መቃብር መክፈት እንጂ መቅበር አይደለም።

የምሽት ተመልካች፦

ይህ እስካሁን ከቀረቡት ሁሉ ጠንካራው ተቃውሞ ነው። ድርጊቱን ትክክል ነው ብዬ አልከራከርም፤ ቲፈኒም የምትከራከር አይመስለኝም። ይሁንና ደብዳቤው የሚለውን አንብቡት። ቲፈኒ በኒኪ ስም ሆና «ና» አላለችውም፤ መለወጡን በተግባር እንዳይ እፈልጋለሁ፣ ምናልባትም ተለያይተን መቅረት ይሻለን ይሆናል የሚል መልስ ነው የሰጠችው። ፓት ለራሱ ሊናገረው ያልደፈረውን ነገር በሚያምነው ሰው ድምፅ እንዲሰማው አደረገች። ማታለል አለበት፤ ሐሰተኛ ተስፋ ግን ከተባለው ያነሰ ነው።

ፊልሙ ፓትን እንደተታለለ ሕፃን አልተወውም። ቲፈኒ በወላጆቹ ሳሎን የተጠቀመችበት አንድ አነጋገር ከደብዳቤው ጋር አንድ መሆኑን ራሱ ያስተውላል። ሐሳቡ በማኒያ የሚበታተን ሰው ነው የተባለው ፓት ደብዳቤውን በዚያ ቤት ካሉት ሁሉ ቀድሞ ሐረግ ለሐረግ አነበበው። አልጮኸም፤ አላፈረጠም፤ ዝም ብሎ ልምምዱን ቀጠለ። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ዘፈን በሰማ ቁጥር ዕቃ ይሰባብር የነበረው ሰው ነው ይህ።

ስለ ዳንሱም ያነሡትን ልመልስ። ከዳኞቹ ያገኙት አማካይ ነጥብ ከአሥር አምስት ነው። የአባትየው ውርርድ የሚጠይቀው ያንኑ ስለሆነ ቤተሰቡ በደስታ ይጮኻል፤ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ግን በአምስት ነጥብ የሚፈነጥዝ ሰው አይተው ግራ ይጋባሉ። የተባለው የፈውስ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ዋንጫውን ይወስዱ ነበር። ራስል የሰጣቸው ኑሮን ለመቀጠል የሚበቃ ውጤት ብቻ ነው።

አዲስ ገቢ፦

ይቅርታ፣ አጭር ጥያቄ ነው። መጽሐፉ ከፊልሙ ይለያል ይባላል፤ ያነበበ አለ?

የመሐል ቤት፦

አንብቤዋለሁ። የማቲው ክዊክ ልብ ወለድ ነው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ትልቁ ልዩነት የጊዜው ነው። በፊልሙ ፓት ተቋሙ ውስጥ የቆየው ስምንት ወር ሲሆን ይህንንም ያውቃል። በመጽሐፉ ግን ጥቂት ወራት የቆየ እየመሰለው ዓመታት አልፈዋል፤ ቤተሰቡም ይህን ይደብቁታል። ስለዚህ የሐዘኑ ነገር በመጽሐፉ ውስጥ ይበልጥ የከበደ ነው፤ ሰውየው ያጣው ሚስቱን ብቻ ሳይሆን ሲያልፍ ያላየውን ዕድሜ ነው። አባትየውም በመጽሐፉ ዝምተኛና ቀዝቃዛ ነው፤ የዴ ኒሮን ሙቀት አትጠብቁ። መጽሐፉን ያነበበ ሰው የነገረ ሠሪን ጥርጣሬ የበለጠ ይረዳል ብዬ አስባለሁ፤ ፊልሙ ማለስለሱ አይካድም።

ዝምተኛዋ፦

ስለ ደብዳቤው ነገረ ሠሪ ያሉት መቃብር የመክፈት ነገር ቆርቁሮኛል፤ ሐቅ ስላለበት። ነገር ግን ቲፈኒ የምትጽፈው ስለ ኒኪ ብቻ ይመስላችኋል? ከቶሚ መልስ ልታገኝ አትችልም። ለሌላ ሰው የጻፈችው መልስ ምናልባት እርስዋ ራስዋ ማግኘት የፈለገችው ነው። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ፊልሙ አላለውም።

ነገረ ሠሪ፦

እንዲህ ካነበባችሁት ደብዳቤውን ይቅር ልለው እችላለሁ፤ የወላጆቹን ሤራ ግን አልችልም። የመጨረሻውን መሳሳምም ቢሆን አሁንም ሩጫ የበዛበት ሆኖ ነው የማገኘው። ፓት ወደ ኒኪ ሄዶ በጆሮዋ የሚያንሾካሹከውን አንሰማም፤ ቲፈኒ ተስፋ ቆርጣ ትወጣለች፤ አባትየው ልጁን ይመክራል፤ ፓት በመንገድ ሮጦ ይደርስባታል። ይህን ስንት ፊልም ላይ አይተነዋል!

ተረኛ ነርስ፦

ሩጫው የተለመደ መሆኑ እውነት ነው። ሲደርስባት የሚሰጣትን ወረቀት ግን ልብ ብላችሁ አድምጡት። እንደሚወዳት የጻፈው ከሳምንት በፊት እንደሆነ ይናገራል። ይህ ማለት በመጨረሻዎቹ የልምምድ ቀናት ውሳኔው አልቆ ነበር ማለት ነው፤ ኒኪን አዳራሹ ውስጥ ሲያያትም የሚሄድባት ሊመለስ ሳይሆን ሊሰናበት ነው። በሙያዬ ዓይን ትልቁ ነገር የተጻፈው ቃል ሳይሆን ሳምንቱ ነው። ማኒያ ውስጥ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ሐሳብ አንድ ሌሊት አያሳድርም፤ በዚያው ሰዓት በር ያንኳኳል፣ ስልክ ይደውላል፣ ለመንገደኛው ሁሉ ያውጃል። ፓት ግን የሚወደውን ነገር በኪሱ ይዞ ሳምንት ሙሉ ተኝቶ ተነሥቷል። ነገረ ሠሪ ክኒኑ ለዓይን ሳይሞላ አለፈ ብለው ነበር፤ ሥራውን የምታዩት እዚህ ላይ ነው። ፊልሙን ስትደግሙት ከውርርዱ ትዕይንት ጀምሮ እስከ ውድድሩ ድረስ ፓት ቲፈኒን የሚያይበትን አኳኋን ተከታተሉና ውሳኔውን የወሰነው የትኛው ልምምድ ላይ እንደሆነ የሚመስላችሁን ጻፉልን።